የብራክስኮት ሰባተኛው ድንጋይ

ብራክስኮት ትንሽ አጥቢያ ናት። ነዋሪዋ ሰማንያ ሦስት ሰው፣ ስፋቷ አራት መቶ ስልሳ ሄክታር ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤትና አንድ ጣሪያው የሚያፈስ አዳራሽ አሏት፤ ሱቅ የላትም። የዚህችን ቦታ ታሪክና መልክዓ ምድር ጽፎ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ይፈጃል ቢሏት ኖሮ ሄስተር ፐርኪስ ከልቧ ትስቅ ነበር። አሁን ሦስተኛው ዓመት እየተገባደደ ነው፤ ሳቁም ከጠፋ ቆይቷል።

ሥራውን የሰጣት የአጥቢያው ምክር ቤት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ስድሳ ገጽ የምትሆን መጽሐፍ ትዘጋጅ ተባለ። በከተማው ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረች፣ ጡረታ የወጣች፣ ባልም ልጅም የማይጠብቃት ሴት መንደሩ ውስጥ እያለች ሌላ ማን ይታሰባል? ሄስተርም ደስ ብሏት ተቀበለች። ችግሩ ምክር ቤቱ በዚያው ስብሰባ ላይ አንድ ነገር መጨመሩ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ከመታተሙ በፊት ሚስተር ጃቤዝ ታክዌል ይዩት ተባለ፤ ምክንያቱም እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም።

ጃቤዝ ታክዌል ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእሾህ አጥር ሲያጥሩ፣ ቦይ ሲቆፍሩና እሁድ እሁድ ደወል ሲደውሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአጥቢያው ወጥተው ያደሩት በጦርነቱ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አልወደዱትም። ሄስተር የላከችላቸውን ምዕራፍ ሁሉ በወፍራም እርሳስ ሞነጫጭረው ይመልሱላት ነበር። ኅዳጉ ላይ የሚጽፉት አንድ ቃል ነው፤ “ስሕተት”። ምኑ እንደተሳሳተ አይጽፉም። ሄስተር ኮቷን ደርባ፣ ቁልቁል እስከ ጎጇቸው ወርዳ፣ በር ላይ ቆማ መጠየቅ ነበረባት። አንዳንዴ የተሳሳተው የአንድ ሜዳ ስም አጻጻፍ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የተሳሳተ ነገር ጭራሽ አልነበረም፤ ሽማግሌው ሰው እንዲጠይቃቸው ፈልገው ነው።

እንዲያም ሆኖ መጽሐፉ በዳዴ ሄደ። አጥቢያዋ በካርታ ላይ ስትታይ ገመድ ላይ የተሰጣች ካልሲ ትመስላለች። አፏ በስተሰሜን ኖራ ኮረብታው ላይ ነው፤ እዚያ አፈሩ ስስ፣ ሣሩ አጭር፣ በጉ ብዙ ነው። ተረከዟ ላይ መንደሩ አለ። ጣቶቿ በስተደቡብ ዋልካው ውስጥ ይገባሉ፤ በክረምት እዚያ የገባ ጎማ የሚወጣው በበጋ ነው። የማሳዎቹ ስም ራሱ የሰውን ኑሮ ይናገራል፤ አንዱ “ረሃብ ጉብታ”፣ አንዱ “ምስጋና ቢስ”፣ ከሁሉም የከፋው ዋልካ ደግሞ “ከንቱ ድካም” ይባላል። ሄስተር ይኼን ሁሉ ጻፈች፤ ማን ምን አረሰ፣ ወፍጮው መቼ ተቃጠለ፣ በየትኛው ዘመን በግ ሰውን አስለቅቆ መንደሩን ግማሽ አደረገው፣ ሁሉንም። አንድ ምዕራፍ ብቻ ቀራት፤ ስለ አጥቢያው ወሰን የሚያወራው።

የብራክስኮት ወሰን በሰባት ድንጋዮች የታጠረ ነው። ከዕርገት በዓል በፊት ባለው ሰኞ፣ ድሮ በየዓመቱ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ግን በየሦስት ዓመቱ፣ ሰዉ ቄሱን አስቀድሞ የአኻያ አርጩሜ እየያዘ ወሰኑን ይዞራል። እያንዳንዱን ድንጋይ በአርጩሜው ይመታል። ቄሱም በየድንጋዩ ቆመው ውስጥ ያለውን ምድር፣ ዘሩን፣ ከብቱንና ሰውን ይባርካሉ። ሄስተር ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለካች። ስድስቱ በ1842 አንድ ቀያሽ በሠራው ካርታ ላይ ባሉበት ቆመዋል። ሰባተኛው ግን የለም። ማለት፣ አለ፤ ግን ካርታው ካለው ቦታ አርባ አንድ እርምጃ ርቆ፣ ኮልበር ከሚባለው ጅረት ማዶ ቆሟል። በካርታው መሠረት ጅረቱ ራሱ ወሰን ነው፤ ድንጋዩም ከጅረቱ ወዲህ መሆን ነበረበት።

ሦስት ጊዜ ለካች። ሦስት ጊዜም አርባ አንድ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ሌላውን ሰው ላያስጨንቅ ይችላል። ሄስተርን ግን እህል ውሃ ነሳት፤ ሠላሳ ዓመት ልጆችን “ካርታ አይዋሽም” እያለች ያስተማረች ሴት ናት።

ወደ ጃቤዝ ሄደች። ድንጋዩ የት ነበር ብላ ጠየቀቻቸው።

“እዚያው ነው የነበረው፣ የት ይሄዳል?” አሉ ሽማግሌው፣ የበሩን መቃን ተደግፈው።

“ካርታው ግን ከጅረቱ ወዲህ ነው የሚለው፣ ሚስተር ታክዌል።”

“ካርታውን የሠራው ሰውዬ ጠጪ ነበር።”

“ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የሞተ ሰው መጠጣቱን በምን አወቁ?”

“በካርታው።”

ሌላ ቀን ስትመጣ ደግሞ ጅረቱ ነው ቦታ የቀየረው አሏት። መቼ ብትላቸው “ድሮ” አሉ። ወዴት ሄደ ብትላቸው “ውሃ ነው፤ ወደ ፈለገው ይሄዳል፤ የአንቺን ፈቃድ ይጠይቅ እንዴ?” አሉ። ሄስተር ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥራ የአፈር መሰርሰሪያ ተዋሰችና የሮላንድ ፒም ሜዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፈረች፤ ጅረት ያለፈበት መሬት ጠጠርና አሸዋ ይተዋልና። አንድ ፍሬ ጠጠር አላገኘችም። ንጹሕ ዋልካ ነው። ይኼንን ልትነግራቸው ስትሄድ ጃቤዝ “ጉድጓዶቹን ድፈኚያቸው፤ የፒም ላም እግሯ ይሰበራል” ብለው በሩን ዘጉባት።

ለክልሉ ቤተ መዛግብት ደብዳቤ ጻፈች። “ምናልባት የቀያሹ ስሕተት ሊሆን ይችላል” የሚል መልስ መጣ። እንደገና ጻፈች። በጠቅላላው አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። በመጨረሻ አንዲት ጠንቃቃ የመዝገብ ቤት ሴት የቀያሹን የእጅ ማስታወሻ አግኝታ ገጹን ቀድታ ላከችላት፤ “ሰባተኛው ድንጋይ፣ ከኮልበር ወዲህ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር” ይላል። የትልቁ ዛፍ ጉቶ ዛሬም ከጅረቱ ወዲህ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? ሄስተር ወረቀቱን ይዛ ጃቤዝ ዘንድ በረረች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው በጥሞና አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን መለሱላትና “ጥሩ የእጅ ጽሑፍ አለው” አሉ። ሌላ ምንም የለም። ወይ ፍንክች።

በዚያ ቀን ሄስተር ቤቷ ገብታ የወጥ ቤቱን ካቢኔት በእርግጫ መታችው። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ የእግሯ ጣት ለሳምንት አበጠ።

በሚያዝያ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ እጇን አውጥታ ተናገረች። ማስረጃዋን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ዘንድሮ ዙሩ ከመደረጉ በፊት ድንጋዩ ወደ ትክክለኛው ቦታው ይመለስ አለች። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ሮላንድ ፒም ነው፤ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ላም አላቢ፣ ከጅረቱ ወዲህም ማዶም ያለውን ሜዳ የሚያርስ። ለእሱ ድንጋዩ እዚህ ቆመ እዚያ ቆመ ጉዳዩ አይደለም፤ ስብሰባው ቶሎ አልቆ ወደ ላሞቹ መሄድ ነው የሚፈልገው። ትራክተር አለኝ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም፣ ከዙሩ በፊት ባለው ሐሙስ ጠዋት አነሣዋለሁ አለ። የተቃወመ አልነበረም። ከኋላ ወንበር ግን ጃቤዝ ታክዌል በሁለት ምርኩዝ ተደግፈው ተነሡ።

“ያንን ድንጋይ የሚያነሣው ሰው እኔን ከሥሩ ይቅበረኝ” አሉና ወጡ። አዳራሹ እሳቸው በሩ እስኪደርሱ ድረስ ጠበቀ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሄስተርን ይበልጥ አንገበገባት። ሽማግሌውን ያስከፋች እሷ ሆና ተገኘች። ደወል ደዋዮቹ ሰላምታ ነሷት። የቤተ ክርስቲያኑን አበባ የምታሰናዳው ሴት “እንግዳ ሰው የአገሩን ነገር መነካካት ምን ያደርግለታል?” ማለቷን ሰማች። ሄስተር ብራክስኮት ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ቄሱ፣ ኤልዊን ይባላሉ፣ አምስት አጥቢያ በአንድ መኪና የሚያገለግሉ፣ ሰዓታቸውን ሳያዩ ሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር የማይችሉ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም መጥተው ምናልባት ሁለታችሁም ትክክል ትሆናላችሁ አሏት። ድንጋይ ሁለት ቦታ አይቆምም አለቻቸው። ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ።

ሐሙስ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ የሄስተር በር ተንኳኳ። ጃቤዝ ታክዌል ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ እሷ ናት እሳቸው ዘንድ የወረደችው፤ እሳቸው አንድ ቀን ዳገቱን ወጥተው አያውቁም። ፊታቸው አመድ መስሏል። ግቡ ብትላቸው እምቢ አሉ። ሻይ ብትላቸው እምቢ አሉ።

“ጫማሽን አድርጊና ነይ” አሉ። “ድንጋዩ ጋ እንሄዳለን።”

“በእግርዎ? አንድ ማይል እኮ ነው።”

“አውቃለሁ ስንት እንደሆነ። ለክቼዋለሁ፤ እኔም ለመለካት እንዳንቺ ነኝ።”

ሄስተር ቦቲ ጫማዋን አደረገች። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ሽማግሌው በየሃያ እርምጃው እየቆሙ ይተነፍሳሉ፤ በቆሙ ቁጥርም አንድ ነገር ይነቅፋሉ። ይኼ አጥር የተቆረጠው በመጋዝ ነው እንጂ በማጭድ አይደለም። ያ በር ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። “ምስጋና ቢስ” ብለሽ የጻፍሽው ሜዳ የታችኛው ነው እንጂ የላይኛው አይደለም። ሄስተር ጥርሷን ነክሳ “እሺ” ትላለች። አንዴ ክንዳቸውን ልትይዝ ብትሞክር ትንኝ እንደሚያባርሩ አድርገው እጇን ገፉት። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ግን ሳንቃው ላይ ብቻቸውን መሻገር አቃታቸው። ያኔ እጃቸውን ዘረጉላት፤ አሻገረቻቸው።

ድንጋዩ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ አናቱ የዶለዶመ፣ ሽበት የመሰለ ሻጋታ የበቀለበት ነው። ከጀርባው የእሾህ አጥር አለ፤ በድንጋዩና በአጥሩ መካከል የሳማ ቁጥቋጦ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። ጃቤዝ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሄስተር ጠበቀች።

“እኔ ነኝ ያመጣሁት” አሉ።

ሄስተር የሰማችው ነገር ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ቦታውን እስኪይዝ ጊዜ ወሰደ።

“ዶርካስ የምትባል እኅት ነበረችኝ። ታውቂያታለሽ፤ ማለቴ መቃብሯን። የዛሬ ስድሳ ዓመት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በየካቲት መጣች፤ ሆዷን በካፖርት ሸፍና። ማን እንደሆነ አልተናገረችም፤ እስክትሞትም አልተናገረችም። ልጁ የተወለደው ላም በሚታለብበት ሰዓት ነው። ወንድ ነው። ቁርስ እስኪደርስ ኖረ።”

“አልተጠመቀም?” አለች ሄስተር።

“እናቴ ውሃ አንሥታ ስም ልትሰጠው ትችል ነበር። ለሚሞት ልጅ ማንም ክርስቲያን ይችላል። ግን ቄሱ ይምጣ አለች፤ በሥርዓት ይሁን ብላ። ሮጬ ጠራሁት። ቁርስ እየበላ ነበር። ልጁ እሱ በልቶ እስኪጨርስ አልጠበቀም።” ሽማግሌው ምርኩዛቸውን መሬት ውስጥ ሰካ ነቀል አደረጉ። “ከዚያ ያልተጠመቀ ነው ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከለከለው። አባቴ ደግሞ ከጓሮዬ አይቀበርም አለ። ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። እኔ የፖም ሣጥን አገኘሁና ልጁን ተሸክሜ ወጣሁ። መሬቱ በረዶ ሆኖ ነበር። ለአካፋ እሺ ያለው ይኼ ብቻ ነው፤ አጥሩ ሥር ስለሆነ። ወሰን ምናምን አላሰብኩም። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር።”

ሄስተር ሳማውን አየችው። ከዚያ ዐይኗን አነሣች።

ጃቤዝ ቀጠሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ዙሩ ሲደረግ ዶርካስም ከሰዉ ጋር ወጣች፤ እናቷ ሰው እንዳያማት ብላ አስገድዳት ነው። ሰባተኛው ድንጋይ ጋ፣ ማለት ድሮ በነበረበት ቦታ፣ ከጅረቱ ወዲህ፣ ቄሱ ቆሞ ውስጥ ያለውን ሁሉ ባረከ፤ ዘሩን፣ በጉን፣ ሕያዋንን፣ ሙታንን። ከዚያ ሰዉ ዞሮ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ዶርካስ ብቻ ጅረቱ ዳር ቆማ ቀረች። አላለቀሰችም። አርባ አንድ እርምጃ ማዶ እያየች ቆመች። ጃቤዝ ሊወስዷት ሲመጡ “ጃቤዝ፣ እሱ ጋ ሳይደርስ እኮ ነው ያበቃው” አለቻቸው። ስለ ልጁ በሕይወቷ የተናገረችው ይኼንኑ ብቻ ነው።

በመከር ወራት፣ አንድ እሁድ፣ ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እያለ፣ ጃቤዝ የአሠሪያቸውን ፈረስ ከመጎተቻ ሸርተቴ ጋር አውጥተው ድንጋዩን ነቀሉት፤ በጅረቱ ውስጥ ጎትተው አሻገሩትና እዚህ ተከሉት። ወገባቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደታመመ ነው።

“ማንም አላየም?” አለች ሄስተር። “በሚቀጥለው ዓመት ሰዉ ሲዞር አላስተዋለም?”

“ሁሉም አስተዋለ እንጂ፤ ዕውር መሰለሽ እንዴ? የሮላንድ አያት ነበር ከፊት የሚመራው። ጉቶው ጋ መጣ፤ ድንጋይ የለም። ማዶ አየው። እኔን አየኝ። ከዚያ ዶርካስን አያት። ‘ዘንድሮ እግራችንን ልናርስ ነው’ አለና ገብቶ ተሻገረ። ሁሉም ተከተለው። ቄሱም ምን ያድርግ፤ ተከተለ። እዚህ ቆሞ ባረከ። አንድ ሰው አንድ ቃል አልተናገረም፤ ያን ቀንም ከዚያም ወዲያ። እነሱ ሁሉ ሞቱ። ልጆቻቸው ድንጋዩ ድሮም እዚህ የነበረ ይመስላቸዋል። ዶርካስ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሰባት ዓመት ኖረች፤ አንድ ዙር አልቀረባትም።”

ሄስተር ማልቀስ ነበረባት፤ መጀመሪያ የመጣባት ግን ንዴት ነው። አሥራ ዘጠኙ ጉድጓድ ትዝ አላት። የመሰርሰሪያው እጀታ መዳፏን የላጠው፣ ደብዳቤዎቹ፣ ያበጠው የእግር ጣቷ ሁሉ ባንድ ላይ መጣባት።

“ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?” አለች። “አርባ ጊዜ ጠይቄዎታለሁ። ጠጪ ነበር አሉኝ። ጅረቱ ሄደ አሉኝ።”

“አንቺ የምትጽፊ ሰው ነሽ” አሉ ጃቤዝ። “ለሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ስድሳ ዓመት ከአንድ አፍ ያልወጣ ነገር አሁን በመጽሐፍ ይውጣ? እኅቴ በየበሩ የሚሸጥ ወሬ አይደለችም።”

“ታዲያ ዛሬ ለምን ነገሩኝ?”

“ነገ ትራክተር ይመጣላ። ሮላንድን እንዳልለምነው ምክንያት ይጠይቀኛል። አንቺ ነሽ የጀመርሽው፤ አንቺው አቁሚው። ለማንም ግን አትናገሪም። ማይልኝ።”

ሄስተር አየቻቸው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ አፍንጫቸው በብርድ ቀልቶ፣ ይኼንን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ደግሞ ያዟታል። ምክንያት ሳትሰጥ ማስቆም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። ማስረጃዋን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ያሳመነች ሴት ራሷ ተነሥታ “ተሳስቻለሁ” ልትል ነው። ሆድ ይፍጀው። ማለችላቸው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ፒም ግቢ ሄደች። ሮላንድ የማለቢያ ማሽኑን ፈታቶ መሬት ላይ በትኖት ነበር። ድንጋዩን እንዳያነሣው፣ ልኬቷ ስሕተት እንደነበረ ነገረችው።

“ስሕተት?” አለ ሮላንድ፣ ቀና ብሎ። “እርስዎ?”

“እኔ።”

“ሚስ ፐርኪስ፣ ሜዳዬን እንደ ወንፊት ነው የበሳሱት። እኔን፣ ቄሱን፣ መዝገብ ቤቱን ሁሉ ሁለት ዓመት አመሱ። ያቺን የድሮ ወረቀት ለመላው አዳራሽ አነበቡ። አሁን ምኑ ነው የተሳሳተው?”

“የጀመርኩበት ነጥብ” አለች ሄስተር። ውሸት መናገር አልለመደችም፤ ፊቷ እሳት ሆነ።

ሮላንድ በጨርቅ እጁን እየጠረገ ቆይቶ “ልጆቼን ግን በእንዲህ ያለ ስሕተት ዜሮ ነበር የሚሰጧቸው” አለና ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

ዓርብ ለዙሩ ዝግጅት አዳራሹ ውስጥ ሲሰበሰቡ ሮላንድ ሚስ ፐርኪስ ልኬቷን ስላረመች ድንጋዩ በቦታው እንደሚቆይ አስታወቀ። ሰዉ አጨበጨበ። ደወል ደዋዮቹ ዞረው ፈገግ አሉላት፤ ሕፃን ወድቆ ሲነሣ እንደሚሳቅለት ዓይነት ፈገግታ። አበባ የምታሰናዳው ሴት እጇን ጨብጣ “መሳሳት የሰው ነው” አለቻት። ሄስተር ይኼን ሁሉ ቻለችው። ያልቻለችው ከኋላ ወንበር የመጣውን ነው።

“እኔ ከመጀመሪያው ነግሬያት ነበር” አሉ ጃቤዝ ታክዌል። “ሴትዮዋ ግን ድርቅ ያለች ናት።”

አዳራሹ ሳቀ። ሄስተር ዞራ አየቻቸው። ሽማግሌው ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ እየተመለከቱ ነበር።

ቅዳሜና እሁድ ቤቷን ዘግታ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጻፈች። ሐሰት አልጽፍም አለች፤ መሐላዬንም አላፈርስም አለች። ብዙ ወረቀት ከቀደደች በኋላ “ሰባተኛው ድንጋይ ዛሬ ከኮልበር ማዶ ቆሟል፤ የአጥቢያው ሰውም ጅረቱን ተሻግሮ ይዞረዋል” ብላ ጻፈች። አንድም ሐሰት የለበትም። የአጥቢያውን ስፋት ስትጽፍ ግን “አራት መቶ ስልሳ ሄክታር ገደማ” ማለት ግድ ሆነባት። “ገደማ” የሚለውን ቃል ከተማሪ ደብተር ላይ ስንቴ በቀይ ሰርዛዋለች። እጇ እንቢ እንቢ እያለ ጻፈችው።

ሰኞ ሲነጋ ዝናብ ነው። ሠላሳ አንድ ሰውና ስድስት ውሻ ወጣ። ኖራ ኮረብታው ላይ ነፋሱ ጃንጥላ ይገለብጣል፤ “ከንቱ ድካም” ላይ ሲደርሱ ጭቃው የሁለት ሰው ጫማ አስቀረ። ጃቤዝ መራመድ ስላልቻሉ በሮላንድ መኪና ተጭነው ጅረቱ አጠገብ ያለው መንገድ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰዉ ኮልበር ጋ የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። ጅረቱ ሞልቷል፤ ሳንቃው ይንሸራተታል። ቄስ ኤልዊን ሰዓታቸውን አዩ። በስምንት ሰዓት ሌላ አጥቢያ የቀብር ሥነ ሥርዓት አለባቸው፤ ጉንፋንም ይዟቸዋል። ድንጋዩ ከዚህ ይታያል፣ ቡራኬው እዚሁ ሆነን ቢነበብ ምን ይላል አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

“አይሆንም” አለች ሄስተር። “እንሻገራለን።”

አንዱ ደዋይ ሳቀና ባለፈው ሳምንት ድንጋዩ ወዲህ ይምጣ ስትይ አልነበር እንዴ አላት። ሌላውም ሴትዮዋ የማያቃጥላት ነገር ምንድን ነው ብሎ አጉረመረመ። ሄስተር ሳንቃው ላይ ወጣች። መሐል ላይ እግሯ ከዳትና ጅረቱ ውስጥ ገባች፤ ውሃው እስከ ወገቧ ደረሰ። ማንም ደርሶ ሳይዛት ማዶ ወጥታ ውሃ እየተንጠባጠበባት ቆመች። አንዲት የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት እንዲያ ከሆነች በኋላ ማን ከወዲህ ይቀራል? ሮላንድ ፒም እየተሳደበ ቀድሞ ገባ። የቀሩትም አንድ በአንድ ተሻገሩ፤ ቄሱን ሁለት ሰው ደገፋቸው።

ልጆቹ ድንጋዩን በአርጩሜ መቱት። ቄሱ መጽሐፋቸውን በጃንጥላ ሥር ከፍተው በተዘጋ አፍንጫ አነበቡ፤ ዘሩን፣ ከብቱን፣ በዚህ ምድር ያሉትን፣ በዚህ ምድር ያረፉትን። ሄስተር ከድንጋዩ በስተኋላ፣ ሳማው አጠገብ ቆማ ነበር። ያ ቁርሱን በልቶ የጨረሰው ቄስ ትዝ አላትና እንደገና ተናደደች። ከጓሮው በከለከለው በጃቤዝ አባት ተናደደች፤ ውሃ ማንሣት ቸግሯት በቆየችው በእናታቸውም እንደዚሁ። ስም እንኳ ያላገኘውን ልጅ ግን በምን ታስታውሰው? አንገቷን ደፍታ “አሜን” አለች፤ ከሌላው ሰው ጮክ ብላ ስለነበር ጥቂቶች ዞረው አዩአት።

ሲመለሱ ሮላንድ እንዲህ ሆነው በእግርዎ አይሄዱም ብሎ መኪናው ውስጥ አስገባት፤ እሱ ውሾቹን ሊሰበስብ ወደ ኋላ ቀረ። ጃቤዝ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከኋላ ተቀምጠዋል። የመስኮቱ መስታወት በትንፋሻቸው ጉም ለብሷል፤ በክርናቸው የጠረጉት አንድ ክብ ቦታ ብቻ ጥርት ብሎ ይታያል።

“ሁሉንም አነበቡት?” አሉ።

“ሁሉንም።”

“ያረፉትን የሚለውንም?”

“እሱንም።”

“ጮክ ብለው?”

“ጉንፋን ይዟቸዋል፣ ሚስተር ታክዌል።”

“የዛሬ ቄሶች” አሉ ጃቤዝ። “ያኛው ክፉ ነበር፤ ድምፁ ግን ኮረብታው ድረስ ይሰማ ነበር።” ከዚያ ብርድ ልብሱን ከጉልበታቸው ላይ ገፈው የሄስተር ጭን ላይ ጣሉት፤ ዐይኗን ግን አላዩም። “የሰውዬውን ወንበር አረጠብሽው” አሉ። “ደግሞ ሳንቃው ላይ ስትወጪ አይቼሻለሁ። በግራ እግር ነው የሚጀመረው።”

ሄስተር ጥርሷ በብርድ እየተንገጫገጨ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው።